በመንዝ በግ የጸጉር ቀለምና የዘር ምዝገባ ላይ የተወሰደ የአቋም መግለጫ

የማኅበራችን አባላት የሚያረቡት የመንዝን በግ ነው፤ በደጋው ብርድ የሚኖረውን፣ ጅራቱ አጭርና ስባም፣ ጸጉሩ ረጅምና ሻካራ የሆነውን። በየመንደሩ የዘር መዝገብ ሲገለጥ ከሚነሡት ክርክሮች አብዛኞቹ ስለ ክብደት ወይም ስለ መንታ አይደሉም፤ ስለ ቀለም ናቸው። ስለዚህ አቋማችንን በጽሑፍ ማስቀመጥ አስፈልጎናል። የጸጉር ቀለም በጥንቃቄ ይመዘገባል። በቀለሙ ምክንያት ብቻ ግን ማንም አውራ በግ ከምርጫ አይወጣም፤ እናት በግም ከመዝገብ አትሰረዝም።

ክርክሩ የሚነሣው ብዙውን ጊዜ ከነጭ አባትና ከነጭ እናት ጥቁር ግልገል ሲወለድ ነው። ወዲያው «የጎረቤት አውራ አጥቅቷታል» ይባላል። እረኛው ይወቀሳል፣ መዝጋቢው ይጠረጠራል፣ የእናቲቱ ዘርም በአንድ የእስክሪብቶ ጭረት ይጠፋል። ይህ ፍርድ የተሳሳተ ነው።

በግ ሁለት ዓይነት ማቅለሚያ አለው። አንዱ ጥቁሩንና ቡናማውን፣ ሌላው ቀዩንና ቢጫማውን ይሰጣል። የትኛው እንደሚመረት ከሚወስኑት ዘረመሎች ዋነኞቹ አጉቲና ኤክስቴንሽን የሚባሉት ናቸው። ግልገል ከእያንዳንዳቸው አንድ ቅጂ ከአባቱ፣ አንድ ከእናቱ ይወርሳል። በአጉቲ በኩል ነጩ ቅጂ ጥቁሩን ይጫነዋል፤ አንድ ብቻውን ቢገኝም በጉን ነጭ ያደርገዋል። የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2008 እንዳሳወቁት፣ በነጭ የሱፍ በጎች ላይ ይህ ዘረመል ተደግሞ ይገኛል፤ ነጭነታቸውም ከዚህ ድግግሞሽ ጋር የተያያዘ ነው። ስለዚህ ነጭ በግ ጥቁሩን ቅጂ ደብቆ ሊዞር፣ ሳያሳየውም ለልጅ ልጁ ሊያወርሰው ይችላል። ሁለት እንዲህ ያሉ ነጮች ሲገናኙ በአማካይ ከአራት ግልገል አንዱ ጥቁር ይሆናል። አባትየው የተመዘገበው አውራ ራሱ ነው፤ የጎረቤት በግ እጁ የለበትም።

ጥቁሩን እያረዱ መንጋውን ነጭ እናደርጋለን ለሚሉ አባሎቻችን አንድ ስሌት እንስጥ። ያለ ምርጫ በሚዳቀል መንጋ ውስጥ ከ100 ግልገል አንዱ ብቻ እንዲህ ያለ ጥቁር ቢሆን፣ ቅጂውን ደብቀው የያዙት ነጮች ወደ 18 ይደርሳሉ። አንዱን ማረድ አሥራ ስምንቱን አይነካም።

ይሁንና ጥቁር ሁሉ አንድ አይደለም፤ መዝገብ ያዦቻችንን የሚያደናግረውም ይህ ነው። በኤክስቴንሽን በኩል የሚመጣ ሌላ ጥቁር አለ። የኖርዌይ ዳላ በጎች ላይ ተጠንቶ እ.ኤ.አ. በ1999 የታወቀው ይህ ጥቁር አይደበቅም፤ በአንድ ቅጂ ብቻ ነጩን ይረታል። ሁለቱን ጥቁሮች በዓይን መለየት አይቻልም፤ የሚለያቸው የትውልድ መዝገብ ነው። ከሁለት ነጮች የተወለደ ጥቁር የሚደበቀው ዓይነት ነው ማለት ይቻላል፤ የሚረታው ቢሆን ኖሮ ከወላጆቹ በአንዱ ላይ ይታይ ነበር። ሁለት ጥቁሮች ነጭ ከወለዱ ደግሞ ቢያንስ አንዱ ወላጅ የሚረታውን ዓይነት እንደያዘ እንጠረጥራለን። የአያት ቀለም ያልተጻፈበት መዝገብ ግን ለዚህ አይረዳም።

ምዝገባው ራሱ መስተካከል አለበት። በአሁኑ መዝገቦች ላይ «ቡናማ» ተብለው ከሰፈሩት መካከል ጥቁሮች አሉ። የትከሻውን ጸጉር በጣት ከፈል አድርጎ ማየት ነው። ጫፉ በፀሐይ ተቃጥሎ ዳማ መስሎ፣ ከቆዳው አጠገብ ያለው ግን ከሰል የመሰለ ከሆነ በጉ ጥቁር ነው። እውነተኛው ቡናማ እስከ ሥሩ ቡናማ ነው፤ በስኮትላንድ የሶይ በጎች ላይ እንደታየው ሌላ ዘረመል ጥቁሩን ማቅለሚያ ሲያደበዝዘው ይመጣል፤ እሱም ከሚደበቁት ወገን ነው። በመሆኑም ቀለም ሁለት ጊዜ ይጻፋል፤ በተወለደበት ዕለትና መጀመሪያ ሲሸለት። መደቡ ቀለምና ነጩ ምልክት በየራሳቸው ዓምድ ይገባሉ። «ቦራ» ወይም «ዥጉርጉር» ብቻ ብሎ መተው አይበቃም፤ የምኑ ቦራ እንደሆነ መታወቅ አለበትና።

አሁን ወደ ምርጫው። እ.ኤ.አ. በ2009 በመንዝ በተጀመረው ማኅበረሰብ አቀፍ የዝርያ ማሻሻያ ሥራ ጠቦቶች ስድስት ወር ገደማ ሲሞላቸው በክብደታቸው ይወዳደራሉ፤ የመጨረሻውን ቃል የሚሰጡት አርቢዎቹ ናቸው። እነሱም ቀንድና ጅራት እንደሚያዩ ሁሉ ቀለምም ያያሉ። ይህ መብታቸው ነው፤ በክብደት እኩል ከሆኑት መካከል ቀዩን ቢመርጡ ማኅበሩ አይቃወምም። ለአውደ ዓመት ጥቁር በግ የማይገዛ ሰው መኖሩንም እናውቃለን፤ ገበያውን በመግለጫ አንለውጠውም። የምንቃወመው ጥቁሮቹ ሚዛን ላይ ሳይወጡ ተኮላሽተው ሙክት እንዲሆኑ መደረጉን ነው። ከሃያ ጠቦት ስድስቱ በቀለማቸው ቢወጡ ሁለቱን አውራ የምንመርጠው ከአሥራ አራቱ ነው። ከባዱ ጠቦት ከስድስቱ መካከል ከነበረ፣ መንጋው የዚያን ዓመት እድገቱን በከፊል ለቀለም ከፍሏል።

በርኖስ ሠሪዎቻችንስ? ጥቁሩን ጸጉር ሳይነክሩ የሚሠሩት ከእነዚሁ በጎች ነው። በመግለጫው ዝግጅት ላይ ድምፃቸው ዘግይቶ መሰማቱ ተገቢ አልነበረም።

ቀለም በራሱ ከጤና ጋር የሚያያዝበት ጊዜም አለ። በካራኩል በጎች ግራጫው ቀለም ከሁለቱም ወላጆች ሲወረስ ግልገሉ ከወተት ወደ ሣር በሚሸጋገርበት ጊዜ ገደማ ይሞታል፤ ስለዚህ ግራጫን ከግራጫ አያዳቅሉም። ይህ የካራኩል ነገር ነው። የመንዝን ገብስማ በዚህ ማስፈራራት አይገባም። የሞተ ግልገል ቀለሙ ሳይጻፍ እንዳይቀበር ግን እናሳስባለን።

አንዲት እናት በግ ከተመዘገበው አውራ ውጭ ተጠቅታለች የሚል አባል የቀን፣ የግጦሽ ቦታ ወይም የዓይን ምስክር ማስረጃ ያቀርባል። የግልገል ቀለም ብቻውን ማስረጃ ሆኖ አይቀርብም። ነጭ ሆና ጥቁር በመውለዷ ብቻ የተሰረዘች እናት በግ፣ በሕይወት ካለች ወደ መዝገቡ ትመለሳለች፤ ልጆቿም በስሟ ይገባሉ። ማመልከቻ አያስፈልግም። የየመንደሩ መዝጋቢ የድሮውን ገጽ ከፍቶ ራሱ ያስተካክላል፤ የተሰረዘው ጽሑፍም እንዲነበብ ሆኖ ይቀመጣል።