ታዛ የሌለው ሕንፃ ዘመናዊ አይደለም

ዛሬ ረዘም ያለ ነገር ነው የምጽፈው። ዳታ ያላችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ፤ ኔትወርክ የጠፋባችሁ ደሞ ሲመጣ ተመለሱበት።

ነገሩ ስለ ሕንፃ ነው። በወገዳም በሉት፣ በአርብ ገበያ፣ በነፋስ መውጫ፣ በመካነ ኢየሱስ፣ ሰው ብር ሲያገኝ ዋናው መንገድ ዳር ሊያቆመው ስለሚመኘው "ዘመናዊ የገበያ ማዕከል"። አቋሜን መጀመሪያ ላስቀምጥ፦ ለገበያተኛ ታዛ የማይሰጥ የንግድ ሕንፃ፣ አስር ፎቅ ቢሆን፣ ዙሪያውን መስታወት ቢለብስ፣ ዘመናዊ አይደለም። የተኮረጀ ነው። የተኮረጀ መልስ ደሞ እኔ ክፍል ስንት እንደሚያገኝ ታውቃላችሁ። ዜሮ።

ከማን ተኮረጀ? አዲስ አበባ ከዱባይ ኮረጀች። ባህር ዳር ከአዲስ አበባ። ደብረ ታቦር ከባህር ዳር። እኛ ጋ ሲደርስ የጎረቤቱን ስም ጭምር ገልብጦ ወረቀቱን እንዳስረከበው ተማሪ ሆነናል። ሰማያዊ መስታወት፣ ግራጫ አሉኮቦንድ፣ ጠባብ ደረጃ፣ ከግድግዳው አንድ ስንዝር የማይወጣ ጣሪያ። ፎቶውን አንስታችሁ "ይሄ የት ነው?" ብላችሁ ብትጠይቁ ማንም ሊመልስ አይችልም። ሻሸመኔም ሊሆን ይችላል፣ ጅማም፣ ወልዲያም።

"ታዲያ ምን ችግር አለው? ያምራል እኮ" የምትሉ አላችሁ። እሺ፣ ውበቱን እንተወው። ስለ ጥቅም እናውራ።

መጀመሪያ፣ ሕንፃው ለማን ነው የሚሠራው? የስማዳ ገበያተኛ ማን እንደሆነ እናንተም ታውቃላችሁ። ከአባይና ከበሽሎ ሸለቆ ሌሊት ተነስቶ፣ አህያውን ጭኖ፣ ያንን ሁሉ ዳገት ወጥቶ የሚመጣ ሰው ነው። በላይ ጋይንት በኩል ደሞ ከጉና ሥር ብርዱን ችሎ ገብሱንና ድንቹን ይዞ የሚመጣ ነው። ብዙ ቀበሌዎቻችን ከ1997 ዓ.ም ጀምሮ በሴፍቲኔት ስም የሚታወቁ ናቸው። የሱቁ ኪራይ ዞሮ ዞሮ የሚከፈለው ከዚህ ሰው መቀነት ነው።

ይህ ሰው ገበያ ሲመጣ መጀመሪያ የሚፈልገው ምንድን ነው? ጥላ! ሸክሙን የሚያወርድበት፣ ዝናብ ሲመጣ የሚጠለልበት፣ ልጇን ያዘለችው እናት ቁጭ ብላ የምታጠባበት ቦታ። የድሮዎቹ የጭቃና የቆርቆሮ ሱቆቻችን፣ ስንት ጉድለት እያለባቸው፣ ይህቺን አይነፍጉም ነበር። ጣሪያው ወደፊት ወጣ ይላል፣ ሁለት ሦስት የባህር ዛፍ ምሰሶ ይቆምለታል፣ በቃ በረንዳ ነው። እዚያ ታዛ ሥር ልብስ ሰፊው ሲንጀሩን ያስቀምጣል። ጫማ ጠጋኙ ይሠራል። ሻይ ይፈላል። ሽማግሌዎች የተጣላ ያስታርቃሉ። ሰው "እንደምን ዋልክ?" የሚባባለው እዚያ ነው። ባለሱቁም ቢሆን የሚሸጠው እዚያ ለተጠለለው ሰው ነው፤ ዝናብ ሊያሳልፍ የቆመ ሰው ሳሙናም፣ ባትሪም ገዝቶ ይሄዳል።

አሁን ደሞ የመስታወቱን ሕንፃ አስቡት። ግድግዳው እስከ መንገዱ ጫፍ ይመጣል። በር ላይ ሦስት የሚያንሸራትት የሴራሚክ ደረጃ። ዘበኛው "እዚህ አትቁሙ!" ይላል። ገበያተኛው ዝናብ ላይ፣ ሕንፃው ደረቅ ላይ። ልብስ ሰፊው የት ሄደ? ማንም አልጠየቀም። በገበሬ ብር የሚቆም ሕንፃ ገበሬውን ደጁ ላይ የሚያስመታ ከሆነ፣ ይቅርታ አድርጉልኝና፣ ይህ ልማት አይባልም።

ሁለተኛ፣ ወደ ፊዚክሳችን እንመለስ። ሙቀት በስንት መንገድ ይተላለፋል ብዬ ያልጠየቅኩት ተማሪ የለም፦ ኮንዳክሽን፣ ኮንቬክሽን፣ ራዲየሽን። የፀሐይ ብርሃን በመስታወት ገብቶ ዕቃውንና ወለሉን ያሞቃል። የሞቀው ዕቃ መልሶ የሚያወጣውን ሙቀት ግን መስታወቱ በቀላሉ አያሳልፍም። የሞቀው አየርም ተዘግቶ ይቀራል፤ አትክልት የሚበቅልበት ግሪንሃውስ የሚሞቀው እንዲህ ነው። ስለዚህ ከሰዓት በኋላ ወደ ምዕራብ የዞረ የመስታወት ሱቅ ውስጥ ነጋዴው ይቀቀላል፣ የሰቀለው ጨርቅ ይነጣል። ማታ ደሞ ያው ስስ መስታወት ሙቀቱን ለነፋሱ ያስረክባል፣ ጠዋት ሱቁ በረዶ ነው። ነፋስ መውጫ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ስሟም ራሱ ይናገራል። እዚያ ላይ ስስ መስታወት ለብሶ መቆም በጋቢ ፈንታ ነጠላ ለብሶ ጉና እንደመውጣት ነው።

"ኤሲ ይገጠማል" ትሉኝ ይሆናል። በየትኛው መብራት?

የድንጋይ ግድግዳ ግን እንዲህ አይደለም። ግማሽ ሜትር የሚወፍር ግድግዳ ቀን የጠጣውን ሙቀት ወደ ውስጥ ለማሳለፍ ሰዓታት ይፈጅበታል፤ ቀን ይቀዘቅዛል፣ ማታ ይሞቃል። አያቶቻችን የፊዚክስ ፎርሙላ አልጻፉም፤ ቤቱን ግን ሠርተውታል።

ታዛውንም እናስላው። ስልካችሁ ላይ ካልኩሌተር አውጡ። እኛ ያለነው ከምድር ወገብ በስተሰሜን 11 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። በታኅሣሥ፣ ፀሐይ ወደ ደቡብ እጅግ ባዘነበለችበት ወቅት እንኳ፣ ቀትር ላይ ከአድማስ 55 ዲግሪ ያህል ከፍ ትላለች። ታንጀንት 55 በግምት 1.43 ነው። ስለዚህ ወደ ደቡብ በዞረ ግድግዳ ላይ ሜትር ተኩል የወጣ ታዛ ቀትር ላይ ከሁለት ሜትር በላይ ግድግዳ ያጠላል። ለዚህ ኤሲም፣ ጀነሬተርም አያስፈልግም። ሜትር ተኩል ጣሪያ ብቻ።

ሦስተኛ፣ እሳት። ሰኔ 7 ቀን 2009 ዓ.ም ለንደን ውስጥ ግሬንፌል የሚባል ባለ 24 ፎቅ መኖሪያ ሕንፃ ተቃጠለ። 72 ሰው ሞተ። እሳቱ የተነሳው ከአንድ ኩሽና ነበር፤ በሕንፃው ሽቅብ እንዲጋልብ ያደረገው ግን ከውጭ የለበሰው መሐሉ ፕላስቲክ የሆነ የአሉሚኒየም ሉህ ነው። እኛ አሉኮቦንድ የምንለው ዓይነት ማለት ነው። እርግጥ እሳት የሚቋቋም ዓይነትም አለ። ጥያቄዬ ግን ይሄ ነው፦ የኛ አልባሽ የትኛውን እንደሚገጥም ማን ያየዋል? ለንደን በመቶ የሚቆጠር የእሳት አደጋ ሠራተኛ አሰማርታ ያላዳነችውን፣ እኛ በጄሪካን ውኃ ልናድን ነው?

አንዳንዱ ሰው ይህን ስል "መምህሩ ወደ ጎጆ ቤት ሊመልሰን ነው" ይላል። ኧረ በፍጹም! ጎጆ ውስጥ ያደገ ሰው የጎጆን ጭስና ፍሳሽ ከማንም በላይ ያውቃል። እኔ የምለው ዘመናዊ ሕንፃ ይሠራ፣ ብረትና ሲሚንቶም ይግባበት፣ ፎቅም ይሁን፤ ግን ለዚህ አገር ሰው፣ ለዚህ አገር ፀሐይና ዝናብ ታስቦ ይሠራ ነው። ይህ ደሞ የኔ ፈጠራ አይደለም፤ ዓለም የሄደበት መንገድ ነው።

እዚሁ አዲስ አበባ ልደታ ላይ "ልደታ መርካቶ" የተባለውን የገበያ ሕንፃ የነደፈው ሻቪየር ቪላልታ የሚባል የስፔን አርክቴክት ነው። ባዕዱ ሰው የመስታወት ሳጥን ለአዲስ አበባ አየር አይስማማም ብሎ፣ ግድግዳውን በፋብሪካ በተዘጋጀ ባለ ቀዳዳ ኮንክሪት ሠራው። በቀዳዳዎቹ ብርሃንና አየር ይገባል። የቀዳዳዎቹን ጥለት ያመጣው ከየት ይመስላችኋል? ከኛ ከሀበሻ ልብስ ጥለት! ፈረንጁ የእናቶቻችንን ጥለት ሲያይ እኛ የዱባይን መስታወት እናያለን።

ሐራሬ ዚምባብዌ ውስጥ ደሞ ኢስትጌት የሚባል ትልቅ የሱቅና የቢሮ ሕንፃ አለ፤ በ1988 ዓ.ም ነው የተከፈተው። አርክቴክቱ ሚክ ፒርስ ሐሳቡን ከምስጥ ኩይሳ እንደወሰደ ይነገራል። ወፍራም ግድግዳ፣ ጥላ ያለው መስኮት፣ የሌሊቱን ቀዝቃዛ አየር የሚስብ መተላለፊያና ሞቃቱን የሚያስወጣ ጭስ ማውጫ የመሰለ ቱቦ አለው። የተለመደው ዓይነት ኤሲ ሳይኖረው ይሠራል። ኩይሳ እኛ ቆላ ውስጥ ሞልቷል፤ የጎደለው አስተውሎ የሚያይ ነው።

የቡርኪና ፋሶው ፍራንሲስ ኬሬም አለ። የትውልድ መንደሩን የጋንዶን ትምህርት ቤት ከአካባቢው ጭቃ በተሠራ ብሎኬት ገነባ፤ ቆርቆሮውን ከኮርኒሱ በላይ ከፍ አድርጎ በመሐሉ አየር እንዲያልፍ አደረገ። በ2014 ዓ.ም ፕሪትዝከር የተባለውን፣ በሥነ ሕንፃ ትልቁ የሚባለውን ሽልማት ወሰደ። ከአፍሪካ የመጀመሪያው ነው። የተሸለመው ጭቃውን ስላፈረበት አይደለም።

የሩቁን ትተን የቅርባችንን እንይ። ታች ጋይንት ቤተልሔም፣ ያቺ የድጓ ማስመስከሪያ፣ እንዴት እንደተሠራች ታውቃላችሁ? ከውጭ ክብ ሆና የምትታየው ቤት በውስጧ ጥንታዊ ባለ አራት ማዕዘን የጥርብ ድንጋይ ቤተ ክርስቲያን ይዛለች። የኋላው ትውልድ የፊተኛውን አላፈረሰም፤ ታዛ ሆኖለት በላዩ ሠራ። ዐፄ ቴዎድሮስም ጋፋት ላይ መድፍ ያሠሩት ከውጭ የመጣ ዕውቀት ተጠቅመው ነው፤ ግን እዚሁ፣ በዚህ አገር እጅ። ያንን ሴባስቶፖል በኛው በጋይንት በኩል ወደ መቅደላ ሲጎትቱት የጎተቱት እዚህ የተሠራውን ነው። ከውጭ መማር ነውር ኖሮ አያውቅም። ነውሩ ሳይማሩ መግዛት ነው።

"ባለሀብቱ በገዛ ብሩ ቢሠራ አንተን ምን አገባህ?" የሚል አይጠፋም። ያገባኛል! የቤቱ ውስጥ የሱ ነው፣ ፊቱ ግን የሁላችንም ነው። መንገዱ፣ ጥላው፣ የጎርፉ ማፋሰሻ የጋራ ነው። ደሞ ብሩንም ካነሳን፣ የመስታወቱና የአሉሚኒየሙ ብር ከወረዳችን ወጥቶ ነው የሚሄደው። አንድ መስታወት ሲሰበር ከአዲስ አበባ እስኪመጣ በካርቶን ተሸፍኖ ይከርማል፤ መንገድ ሲዘጋማ ተዉት። የጥርብ ድንጋይ ብር ግን እዚሁ ግንበኛውና ጠራቢው ኪስ ይገባል። በኮብልስቶን ሥራ ድንጋይ መጥረብ የተማሩ ስንት ወጣቶች በየከተማው እጃቸውን አጣጥፈው ተቀምጠዋል?

"በዚህ ጭንቅ ጊዜ ስለ ሕንፃ ታወራለህ?" የሚለኝም ይኖራል። ልክ ነው፣ ጊዜው ከባድ ነው፤ ሰው የሚመኘው በሰላም ገብቶ መውጣትን ነው። ግን ቤት የሚታሰበው ለሰላሙ ቀን ነው። ያ ቀን ሲመጣ ሁሉም ተሽቀዳድሞ ይገነባል። ያኔ ፕላኑ ተነድፎ፣ ብረቱ ታስሮ ካለቀ በኋላ ብንጮህ ማን ይሰማናል?

ስለዚህ ከአሁኑ የምጠይቀው ይሄን ነው፦

1. ዋና መንገድ ዳር የሚሠራ ማንኛውም የንግድ ሕንፃ ለእግረኛ ቢያንስ ሜትር ተኩል ታዛ ይተው። ከጎረቤቱ ታዛ ጋርም ይገጣጠም፤ ሰው ከአንዱ ሱቅ ወደ ሌላው ሳይረጥብ ይሂድ።

2. ወደ ምዕራብና ወደ ምሥራቅ የዞረ ፊት ላይ መስታወት ይቀንስ። የታችኛው ፎቅ ግድግዳ የአካባቢው ድንጋይ ይሁን።

3. አሉኮቦንድ የሚገጥም ሰው የትኛው ዓይነት እንደሆነ በማስረጃ ያሳይ።

4. በክራንችና በዊልቸር ለሚሄድ ሰው መግቢያ ይኑር። ይህ ልመና አይደለም፤ የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ከወጣ ጀምሮ ሕግ ነው።

5. "ፎቅ መሥራት ካልቻልክ ቦታውን ልቀቅ" የሚለው አሠራር ይታሰብበት። በደንብ የተሠራ፣ ታዛ ያለው የምድር ቤት ሱቅ ባዶውን ከሚያድር ሦስት ፎቅ ለከተማ ይጠቅማል።

አሁን በስም ሳልጠራ ልናገራችሁ፣ የኔ ተማሪዎች የነበራችሁ። ከናንተ መሐል ድራፍቲንግ የተማራችሁ፣ ሲቪል መሐንዲስ የሆናችሁ፣ በየማዘጋጃ ቤቱ ፕላን የምታጸድቁ፣ ኮንትራክተር ሆናችሁ ደህና መኪና የምትነዱም አላችሁ (እግዚአብሔር ይጨምርላችሁ)። ባለሀብቱ ስልኩን አውጥቶ "እንደዚህ ሥራልኝ" ብሎ የዱባይ ፎቶ ሲያሳያችሁ፣ "እሺ ጋሼ" ብላችሁ ብቻ አትገልብጡ። "ጋሼ፣ የእርስዎ ደንበኛ ዝናብ ሲመጣ የት ይቆማል?" ብላችሁ ጠይቁት። ይህችን አንድ ጥያቄ ብቻ። መልስ ካጣ እርሳሱ እናንተ እጅ ላይ ነው፤ ሜትር ተኩል አውጡለት።

የማትስማሙ ኮሜንት ላይ ተከራከሩኝ፣ ስድብ ግን አይፈቀድም። የተስማማችሁ ሼር አድርጉት፤ በተለይ ቤት ሊሠራ ያሰበ ዘመድ ያላችሁ።

ቸር እንሰንብት።