ደመናውን ለሚያይ ሰው ሬዲዮ ስጡት

በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ፣ ድሬዳዋ ተኝታ ሳለ ደቻቱ ሞልቶ መጣ። ዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ ሰው በደረቅ አሸዋው ላይ የሚሻገረው ያው ደቻቱ ነው። ከ250 በላይ ሰዎች ሞቱ። በማግስቱ ዜናው ሁሉ «ድንገተኛ ጎርፍ» አለ። ከዚያ ወዲህም በየክረምቱ ቦታው ይለዋወጣል እንጂ ቃሉ አይለወጥም።

ድንገተኛ ለማን? ያንን ጎርፍ የወለደው ዝናብ በብዛት የወረደው ከከተማዋ በላይ ባለው የሐረርጌ ደጋ ላይ ነው። እዚያ ያደረ ገበሬ ቆርቆሮው ሲንኳኳ ሰምቷል፣ ጅረቱ ወደ ቆላ ሲያጓራ ሰምቷል። ለእሱ ምንም ድንገተኛ ነገር የለውም። ድንገተኛ የሆነው ታች ለተኛው ነው። ባየውና በተኛው መካከል ደግሞ መልእክት የሚያደርስ አንድም መስመር አልነበረም። ይህ የተፈጥሮ ቁጣ አይደለም፤ ሰው ያልሠራው ሥራ ነው።

እዚህ ላይ አሜሪካን ማየት ይጠቅማል። ሀብታም ስለሆነች ሳይሆን ሀብቷ ብቻውን ያልፈታላትን ነገር በምን እንደፈታች ለማየት ነው። አሜሪካ ሳተላይት አላት፣ ከዳር እስከ ዳር የተዘረጋ የአየር ሁኔታ ራዳር አላት። ራዳሩ ግን የማይድን ችግር አለበት፦ መሬት ክብ ናት። ጨረሩ በራቀ ቁጥር መሬት ከሥሩ እየጎበጠች ትሄዳለች። 100 ኪሎ ሜትር ላይ ሲደርስ ዝቅተኛው ጨረር እንኳ ከመሬት አንድ ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል ከፍ ብሎ ያልፋል። ከዚያ በታች ያለውን፣ ማለትም ሰውና ቤት ያለበትን ክፍል፣ አያየውም። ደመናው መሽከርከሩን ይናገራል፤ ቶርናዶው መሬት መንካቱን ግን ብዙ ጊዜ በእርግጠኝነት የሚናገረው ሜዳ ላይ የቆመ ሰው ነው።

ለዚህ ነው የአገሪቱ የአየር ትንበያ አገልግሎት እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ስካይዋርን የተባለውን ፕሮግራም ያቋቋመው። ዛሬ የሠለጠኑት በጎ ፈቃደኞች ከ350,000 በላይ እንደሆኑ አገልግሎቱ ይናገራል። ሥልጠናው ነፃ ነው፤ ሁለት ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ፖሊስ አለበት፣ የእሳት አደጋ ሠራተኛ አለበት፣ ጡረተኛ አለበት። ከጥንት ጀምሮ ሸክሙን ከተሸከሙት ዋነኞቹ ግን አማተር ሬዲዮ ያላቸው ሰዎች ናቸው። እነዚህ ፈተና ወስደው፣ ፈቃድና የጥሪ ምልክት ተቀብለው፣ በራሳቸው ገንዘብ በገዙት መሣሪያ ከአገር አገር የሚነጋገሩ ሰዎች ናቸው። የመጀመሪያው ደረጃ ፈተና 35 ጥያቄ አለው፤ 26ቱን የመለሰ ያልፋል። ለአገልግሎቱ ክፍያ መቀበል በሕግ የተከለከለ ነው።

ማዕበል በሚጠበቅበት ምሽት አሠራሩ እንዲህ ነው። አንድ ሰው መስመሩን ይመራል። ሌላው ሁሉ ያዳምጣል፤ የሚናገረው ነገር የሌለው አይናገርም። የሚናገር የት እንዳለ፣ ምን እንዳየ፣ በስንት ሰዓት እንዳየ፣ ወዴት እንደሚሄድ ይናገራል፤ ከዚያ ዝም ይላል። «ትልቅ በረዶ ወረደ» ቢል ማንም አይቀበለውም፤ ከየትኛው ሳንቲም ጋር እንደሚተካከል ይጠየቃል። ምክንያቱም ማዕበሉ አደገኛ ተብሎ ማስጠንቀቂያ የሚወጣለት በረዶው 2.5 ሴንቲ ሜትር ሲደርስ ወይም ነፋሱ በሰዓት 93 ኪሎ ሜትር ሲሞላ ነው። «አየሁ» እና «ነገሩኝ» አይቀላቀሉም። ወሬ በዚህ መስመር ላይ ዋጋ የለውም።

ሁሉም መላእክት ናቸው ማለት አይደለም። አንፀባራቂ ሰደርያ ለብሶ፣ መኪናው ላይ አምስት አንቴና ተክሎ ሹም መስሎ የሚዞርም አለ፤ የገዛ ጓደኞቹም ይቀልዱበታል። ግን የመስመሩ ሥርዓት እሱንም ይገራዋል። ይህ ነው ቁም ነገሩ፦ ሰው ሁሉ ጨዋ እስኪሆን አልጠበቁም፣ ሥርዓት ሠሩ።

«አሁንማ ሞባይል አለ፣ ቴሌግራም አለ» የሚል ሰው አይጠፋም። እ.ኤ.አ. በ2017 ማሪያ የተባለው ሃሪኬን ፖርቶ ሪኮን ሲመታ ከአገሪቱ የሞባይል ማማዎች 95 በመቶው ጸጥ አሉ። ያን ጊዜ የአሜሪካ ቀይ መስቀል የፈለገው ምን ነበር? 50 አማተር ሬዲዮ የሚያውቁ ሰዎች እንዲላኩለት የአማተሮቹን ማኅበር ጠየቀ። ኢትዮጵያ ውስጥ ደግሞ ኔትወርክ እንዲጠፋ ሃሪኬን አያስፈልግም። ትግራይ ከጥቅምት 2013 ዓ.ም. እስከ መቼ ያለ ስልክ እንደኖረ፣ አማራ ክልል ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. በኋላ ስንት ወር ያለ ኢንተርኔት እንደከረመ የሚያውቅ ሰው «ሞባይል አለ» ብሎ ሊከራከር አይገባውም።

ስልክ በሠራበትም ቦታ ብቻውን አይበቃም። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 4 ቀን 2025 ቴክሳስ ውስጥ የጓዳሉፕ ወንዝ ሲሞላ ማስጠንቀቂያው ከሌሊቱ 7 ሰዓት ከ14 ላይ ወጥቷል። ሰው ተኝቷል፤ በወንዙ ዳርቻ ኔትወርኩ የሚቆራረጥበት ቦታ ብዙ ነበር፤ የሚጮህ ሳይረንም አልነበረም። በዚያ ሰሞን በአካባቢው ከ130 በላይ ሰዎች ሞቱ። ድሬዳዋና ቴክሳስ በዚያች ሌሊት ጉዳይ አንድ ናቸው። የማስጠንቀቂያ ሰንሰለት ማለቅ ያለበት በር በሚያንኳኳ ሰው ላይ ነው። በር የሚያንኳኳው ሰው ደግሞ ከሌላ ሰው መስማት አለበት።

የኢትዮጵያ ባለሥልጣን ልማድ የሚታወቅ ነው፤ «ሕዝብ እንዳይደናገጥ» ይላል። ይህ ፍርሃት አሜሪካም ነበረ። ቶርናዶ የሚለውን ቃል በትንበያ ውስጥ መጠቀም ለአሥርት ዓመታት ክልክል ነበር፤ ሕዝብ ይሸበራል ተብሎ። እ.ኤ.አ. መጋቢት 20 ቀን 1948 ኦክላሆማ ያለውን የቲንከር አየር ኃይል ጣቢያ ቶርናዶ መታው። ፎውቡሽና ሚለር የተባሉ ሁለት መኮንኖች ከአምስት ቀን በኋላ ተመሳሳይ አየር አይተው «ዛሬም ይመጣል» ብለው ጻፉ፤ ሰዉ አውሮፕላኖቹን አስገባ፣ ቶርናዶውም በዚያው ዕለት መጣ። ከዚያ በኋላ ነው ክልከላው የፈረሰው። ሕዝብ የሚደናገጠው ሲነገረው ሳይሆን ውኃ አልጋው ሥር ሲገባ ነው።

የኢትዮጵያ አማተር ሬዲዮ ማኅበር አለ። ኢቲ3ኤኤ የሚባለው የክበብ ጣቢያው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ነው፤ ከአውሮፓ እስከ ጃፓን ያሉ አማተሮች ያውቁታል፣ ሲሰሙት ይሻሙበታል። ከኢትዮጵያ በአማተር መስመር የሚሰማው ድምፅ በአብዛኛው የእሱ ነው። ከመቶ ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ያለው አገር ለዓለም የሚናገረው በአንድ ክበብ በኩል ነው ማለት ይቻላል። ቶኪዮ የሚሰማው ጣቢያ አለ፤ ከደንገጎ ለድሬዳዋ የሚናገር ግን የለም።

ምክንያቱ ቴክኒክ አይደለም። በ7 ሜጋ ኸርዝ አካባቢ የሚላክ ሞገድ ወደ ላይ ወጥቶ ከከባቢ አየር ተንጸባርቆ ይመለሳል፤ ተራራ አያግደውም፣ ሁለት ሦስት መቶ ኪሎ ሜትር ዙሪያውን በመኪና ባትሪ ይሸፍናል። ለሸለቆና ለገደል አገር የተሠራ ይመስላል። ምክንያቱ ጥርጣሬ ነው። ጣሪያ ላይ አንቴና የተከለ ሰው መጀመሪያ የጸጥታ ጉዳይ ነው፣ ከዚያ በኋላ ነው ዜጋ። ሆኖም ፈቃድ ያለው አማተር ስሙን ጠርቶ፣ ማንም በሚሰማው ግልጽ መስመር የሚናገር ሰው ነው፤ ምስጢራዊ ኮድ መጠቀም በዓለም አቀፍ ደንብ አይፈቀድለትም። ለሤራ የሚመች ነገር ከተፈለገ እያንዳንዱ ኪስ ውስጥ ያለው ስልክ ይሻላል።

የሜትሮሎጂ ኢንስቲትዩት በየአካባቢው ዝናብ የሚለኩ ሰዎች አሉት። ማታ የወረደው ዝናብ በመለኪያው ውስጥ ተጠራቅሞ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ ይነበባል። ለአየር ንብረት መዝገብ ጥሩ ነው፤ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ጎርፍ ለሚመጣበት ሰው ግን ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው። ለእነዚሁ ሰዎች፣ ለመምህሩ፣ ለግብርና ባለሙያው፣ ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ የሁለት ቀን ሥልጠናና አንድ ሬዲዮ መስጠት አዲስ መሥሪያ ቤት አይጠይቅም። የሚጠይቀው የኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ግለሰብ ተፈትኖ የሚያልፍበትን ፈቃድ ቀላልና ርካሽ እንዲያደርግ፣ የአደጋ ስጋት አመራር ኮሚሽን ደግሞ ሌሊት የሚያዳምጥ አንድ ሰው እንዲያስቀምጥ ነው። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይከብዳል። መሣሪያ መግዛት ፎቶ ያስነሳል፤ ሌሊት ተቀምጦ ማዳመጥ አያስነሳም።

ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. ጎፋ ዞን፣ ገዜ ጎፋ ወረዳ፣ መጀመሪያ የተናደው አፈር ጥቂት ሰዎችን ቀበረ። ጎረቤት ሊያወጣቸው ሮጠ፣ ቆፈረ። ሁለተኛው ናዳ የመጣው በቆፋሪዎቹ ላይ ነው። ከ200 በላይ ሰዎች አለቁ። በመጀመሪያውና በሁለተኛው ናዳ መካከል ጊዜ ነበር። ናዳ የሚያውቅ ሰው ከሌላ ቦታ ሆኖ «ከሥሩ ውጡ፣ ሌላ ይመጣል» ሊላቸው የሚችልበት ጊዜ። በግንቦት የክረምቱ ትንበያ እንደ ልማዱ ይወጣል፤ «ለጎርፍና ለመሬት መንሸራተት ተጋላጭ የሆኑ አካባቢዎች ጥንቃቄ ያድርጉ» ይላል። ሰኔ ከመግባቱ በፊት ስንት ሰው ፈቃድና ሬዲዮ እንደያዘ ያንን መግለጫ የሚያነበው ባለሥልጣን ይጠየቅ።