መዝገቡን ማን ይክፈተው?

ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 ላይ የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቅረብ ይላል። ለመንገድ የሚፈጀው ተገቢ ጊዜ ግን አይቆጠርም። ከተማ ለምንኖር ይቺ ነገር ምንም አትመስልም። ራቅ ካለ የስማዳ ቀበሌ ተይዞ ወገዳ ድረስ በእግሩ ለሚመጣ ገበሬ ግን፣ 48ቱ ሰዓት መቼ እንደጀመረ የሚናገርለት የፖሊስ መዝገብ ነው።

ታዲያ ያንን መዝገብ ከፖሊስ ሌላ ማን ይከፍተዋል?

የሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን በ2012 በተሻሻለው አዋጁ ሳያሳውቅ እስር ቤት መግባት ይችላል። ጥሩ ነው። ግን ነፋስ መውጫም መካነ ኢየሱስም በየሳምንቱ ሊገኝ አይችልም። እዚያው ያለው የወረዳው ምክር ቤት ነው። በጀት የሚያጸድቀውም እሱ ነው። ለበጀት የሚወጣ እጅ ለመዝገብ ሲሆን ለምን ያጥራል?

«ጊዜው የጸጥታ ነው» የሚል አይጠፋም። ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ማሰርን የፈቀደው የሐምሌ 2015ቱ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ግን በ2016 ግንቦት ላይ አብቅቷል። አንቀጽ 19 አለ።

እኔ ትልቅ ነገር አልጠየቅኩም። በሳምንት አንድ ቀን ሁለት የምክር ቤት አባላት ሳይጠሩ ይግቡ። የተያዘበትን ቀንና ሰዓት ያንብቡ፤ 48 ሰዓት ያለፈውን ለዳኛ ያሳውቁ። ሲወጡ ደግሞ ምሳ ዕቃ ይዛ በር ላይ የቆመችዋን እናት ይጠይቋት፦ ልጅሽ ከገባ ስንት ቀኑ ነው? መልሷ ከመዝገቡ ጋር ካልገጠመ፣ ሥራቸው እዚያ ይጀምራል።