የትንሹን ባቡር መንገድ አስቀድሞ ስለ መንደፍ

በቤት ውስጥ ትንሽ የምድር ባቡር መሥራት አባትና ልጅ አብረው የሚማሩበት መልካም ሥራ ነው። ነገር ግን እኛ እንዳደረግነው፥ ከማሰብ በፊት እንጨት መቁረጥ የቀደመ እንደ ሆነ ትርፉ ድካም ነው።

ገበታችን ርዝመቱ 2 ሜትር፥ ወርዱ 1 ሜትር ነበረ። ዙሪያውን የሚሄደው ሐዲድ ከሌላው ሐዲድ በላይ በድልድይ እንዲያልፍ ወደድን። ከእውነተኛው ባቡር 87 ጊዜ በሚያንሰው፥ ኤች ኦ በሚባለው ልክ፥ ለዚህ 8 ሳንቲሜትር ያህል ከፍታ ያስፈልጋል። ዳገቱ ከመቶ 3 እንዳይበልጥ ቢፈለግ፥ መውጫው ብቻ 2 ሜትር ከ67 ሳንቲሜትር ይሆናል፤ መውረጃውም እንዲሁ። የሐዲዳችን ዙሪያ ግን በሙሉው 5 ሜትር አይሞላም ነበር። ይህን ሳናሰላ ዳገቱን አቀናነው፤ ባቡሩም ከመካከል ደርሶ መንኮራኩሩ በከንቱ ይዞር ጀመር፤ ልጃችንም አንገቱን ደፋ።

ኋላ ግን ኤክስትራክካድ የሚባለውን፥ ያለ ዋጋ የሚገኘውን የኮምፒዩተር መንደፊያ ተጠቀምን። የገበታውን ልክ ሰጥተን የሐዲዱን ቁራጮች አንድ በአንድ ስናስቀምጥ፥ የማይገጥመውን መጋጠሚያና የዳገቱን መጠን አሳየን፤ የሚገዛውንም ዕቃ ቈጥሮ ዘረዘረልን። ልጃችንም ቍጥሩን ራሱ አንብቦ ድልድዩን ተወና በስፍራው ጣቢያ ነደፈ።

እንግዲህ ወላጆች ሆይ፥ መጋዙ ከመነሣቱ በፊት ልጁ መለኪያውን ይያዝ። ሳይቃጠል በቅጠል ይባላልና።