የክትባት ማቀዝቀዣው ቁጥር ይፈተሽ

በክትባት ማቀዝቀዣ ላይ 4.3 የሚል ቁጥር ሲበራ የሚጠራጠረው ሰው ጥቂት ነው፤ ከነጥብ በኋላ ያለችው 3 ራሷ እምነት ታሳድራለች። ይሁንና ስክሪኑ የሚያሳየን የስሌት ውጤት ነው። ውስጥ ያለችው የስንዴ ፍሬ የምታህል ሴንሰር፣ ቴርሚስተር፣ ስትቀዘቅዝ ሬዚስታንሷ ይጨምራል፤ በ25 ዲግሪ 10 ኪሎ ኦም የሆነችው የተለመደች ዓይነት ዜሮ ላይ ሦስት እጥፍ ገደማ ትደርሳለች። ሰርኪዩቱ ከቋሚ ሬዚስተር ጋር አያይዟት በመካከላቸው ያለውን ቮልቴጅ ያነብና በፋብሪካ በተጫነለት ቀመር ወደ ዲግሪ ይለውጠዋል። የሴንሰሩ መሰኪያ ውስጥ እርጥበት ገባ እንበል። እርጥበቱ ለኤሌክትሪኩ አቋራጭ ይከፍታል፣ ሬዚስታንሱ ያነሰ ይመስላል፤ ይህ ደግሞ ለሰርኪዩቱ «ሞቋል» ማለት ነው። ማቀዝቀዣውን የሚያዘው ያው ሴንሰር ከሆነ ሞተሩ ያለ እረፍት ይሠራል፤ ስክሪኑ 4 እያለ ክትባቱ በረዶ ይሠራል። ስለዚህ እያንዳንዱ ጤና ጣቢያ ሴንሰሩን ቢያንስ በዓመት አንዴ እንዲፈትሽ ግዴታ ሊሆን ይገባል እላለሁ።

ጠርሙሱ ላይ ቀለሙን የሚቀይር ምልክት አለ፣ እሱ ይበቃል የሚሉ ይኖራሉ። ምልክቱ የሚመዘግበው የተጠራቀመ ሙቀትን ብቻ ነው፤ ቅዝቃዜን አያውቅም። ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መቀመጥ ያለባቸው የፔንታቫለንት፣ የሄፓታይተስ ቢ እና የቴታነስ ክትባቶች ግን በረዶ ከሠሩ ይበላሻሉ። ሁለተኛ መመዝገቢያ ማስቀመጥም መልካም ነው፤ ሁለቱ ሲለያዩ ግን የትኛው እንደተሳሳተ አይነግሩንም። ዳኛ ያስፈልጋል።

ዳኛው ደግሞ ውድ አይደለም። በንጹሕ ውሃ የተሠራ በረዶ ተፈጭቶ ፔርሙዝ ይሞላል፣ ጥቂት ቀዝቃዛ ውሃ ይጨመርበታል፣ እያማሰሉ ሴንሰሩን መንከር ነው፤ ዜሮ ማንበብ አለበት። በፈላ ውሃ እንፈትሽ ማለት እኛ አገር አያዋጣም፤ አዲስ አበባ ላይ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ ከፍታው በረዶ የሚቀልጥበትን ነጥብ ግን ከቁጥር በማይገባ መጠን ነው የሚነካው። አንድ ነጥብ መፈተሽ ሌላውን ሁሉ አያረጋግጥም የሚለው ተቃውሞ እውነት አለው። ቢሆንም እዚህ የሚያሳስበን ለዜሮ ቅርብ የሆነው ጠባብ ክልል ነው። አብሮ የተገጠመው ሴንሰር የማይወጣ ከሆነም በበረዶ የተፈተነ ቴርሞሜትር አጠገቡ ማስቀመጥ ይቻላል፤ ልዩነቱም ጠዋትና ማታ ሙቀቱ በሚሞላበት ቅጽ ላይ ከነቀኑ ይጻፍ።