ዲስኩን ጠይቁት



በሐይቅ ዳር ያደገ ሰው ታንኳ ላይ ከመውጣቱ በፊት «ስንት ሰው ትችላለች?» ብሎ ባለታንኳውን ይጠይቃል። ትናንት በሌላ ታንኳ አምስት ሆነን ተሻግረናልና ዛሬም በዚችኛዋ አምስት እንሁን የሚል ቢገኝ ሞኝ ይባላል። እኛ የሲ ቋንቋ ተማሪዎች ግን በፕሮግራማችን ራስ ላይ 255 የሚል ቁጥር እንጽፍና የፋይል ስም ልኩ ይኸው ነው ብለን እንቀመጣለን። ይህ ስሕተት ነው፤ ጉዳቱም በእኛ ላይ ብቻ አይቀርም።

እንደሚታወቀው የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም በ13ኛው መቶ ዓመት አባ ኢየሱስ ሞዐ ያስተማሩበት ታላቅ የመጻሕፍት ቤት ነው። በ1280 እ.ኤ.አ. ገደማ የተጻፈው ወንጌላቸው በ1973 እ.ኤ.አ. በተጀመረው የብራና መጻሕፍት ማይክሮፊልም ሥራ ቁጥር 1832 ተሰጥቶታል። ዛሬ የማይክሮፊልሙን ቦታ ዲጂታል ካሜራ ወስዶታል። በሐይቅም ሆነ በአምባሰል አምባዎች ያሉ ብራናዎች ነገ ፎቶግራፍ ሲነሡ፣ ሥዕሉን ወደ ዲስክ የሚያስገባውን ፕሮግራም ከመካከላችን አንዱ ይጽፈው ይሆናል።

እንግዲህ እንቁጠር። «የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም የአባ ኢየሱስ ሞዐ አራቱ ወንጌል» የሚለው ስም 29 ፊደልና 7 ባዶ ቦታ፣ በድምሩ 36 ነው። ነገር ግን በዩቲኤፍ 8 አጻጻፍ እያንዳንዱ የግእዝ ፊደል 3 ባይት ስለሚይዝ ዲስኩ የሚቆጥረው 94 ባይት ነው። ሊኑክስ በሚጠቀምበት ኤክስት 4 የስም ወሰኑ 255 ባይት ነው፤ ይህም ለላቲን ጸሐፊ 255፣ ለእኛ 85 ፊደል ማለት ነው። የዊንዶውስ ኤንቲኤፍኤስ ግን በሌላ መስፈሪያ ስለሚለካ 255 የግእዝ ፊደል ይቀበላል። ስለዚህ በአንዱ ዲስክ የተጻፈ ረጅም ስም ወደ ሌላው ሲገለበጥ እንቢ ሊባል ይችላል። ፕሮግራሙ የተመለሰለትን መልስ ካልመረመረ ያ ገጽ ሳይቀመጥ ያልፋል፤ ማንም አያውቅም። ስሙን በ255ኛው ባይት ላይ የሚቆርጥ ፕሮግራምም ፊደሉን ከወገቡ ሊሰነጥቀው ይችላል። የሁለት ገጾች ስም ተቆርጦ አንድ ከሆነ ደግሞ ሁለተኛው የፊተኛውን ያጠፋዋል።

መድኃኒቱ መጠየቅ ነው። ፖዚክስ የሚባለው ደንብ ለዚህ ሲል «ፓዝኮንፍ» የተባለ ፈንክሽን አዘጋጅቷል፤ የፎልደሩን አድራሻ ተቀብሎ በዚያ ቦታ ያለውን የስም ወሰን ይነግራል። ከመጥራታችን በፊት «ኤርኖ»ን ዜሮ ማድረግ ይገባል። መልሱ ከዜሮ በታች 1 ሆኖ ኤርኖ ካልተለወጠ የተወሰነ ልክ የለም ማለት ነው፤ ከተለወጠ ግን ጥያቄው ራሱ ከሽፏል። የቀረውን ቦታ ለማወቅ ደግሞ «ስታትቪኤፍኤስ» አለ። ፋት 32 በሆነ ፍላሽ ላይ አንድ ፋይል 4 ጊጋባይት መሙላት እንደማይችልም አንርሳ። ይህ ሁሉ ቢጠየቅም፣ እያንዳንዱ ጽሕፈት መሳካቱን መመርመር አይቀርም።

አንዳንድ ወንድሞች «ፋይሉን በቁጥር ብቻ ሰይመው፤ ጣጣው ያልቃል» ይላሉ። ቁጥር ለመዝገብ ጥሩ ነው፤ እኔም አልጠላውም። ይሁን እንጂ የገዳሙ ዕቃ ቤት ጠባቂ አባት የራሳቸውን መጽሐፍ በራሳቸው ፊደል ፈልገው ማግኘት የለባቸውምን? የእኛን ስም ለማሳጠር ከመቸኮላችን በፊት ወሰኑ የት እንዳለ ጠይቀናልን? የግእዝ ፊደል በዩኒኮድ ከገባ ከ1999 እ.ኤ.አ. ወዲህ ፊደላችን በኮምፒውተር ቤት እንግዳ አይደለም፤ እንግዳ የሚያደርገው ሳይጠይቅ የሚገምት ፕሮግራም ጸሐፊ ነው።

ስለዚህ መምህራኖቻችን የሲ ትምህርት ሲሰጡ ይህን ጥያቄ ከመጀመሪያዎቹ መልመጃዎች አንዱ ቢያደርጉት፣ እኛም ፕሮግራማችንን በእንግሊዝኛ ስም ብቻ ሳይሆን በረጅም የአማርኛ ስም ብንፈትነው መልካም ነው። ብራናው ሰባት መቶ ዓመት በላይ ቆይቷል፤ በእኛ ግምት ምክንያት አንድ ቅጠሉ እንኳ አይጥፋ።