«ገብቷችኋል?» «አዎ ቲቸር!»

በዚህ አገር ከሰንደቅ ዓላማ መዝሙር ቀጥሎ በአንድ ድምፅ የሚባል ነገር ቢኖር ይሄ ነው። ቲቸር ሰሌዳውን ሞልቶ ይጨርስና የጠመኔውን ብናኝ ከእጁ እያራገፈ ወደ ክፍሉ ይዞራል። «ገብቷችኋል?» «አዎ ቲቸር!» «ጥያቄ ያለው?» ጸጥ። ደወል ተደወለ።

ስልሳ ልጅ በሁለት ሰከንድ ተመዘነ ማለት ነው። አልገባኝም የሚል ልጅ ምን እንደሚጠብቀው ሁላችንም እናውቃለን። «ሳስረዳ የት ነበርክ?» ይባላል፣ የኋላ ወንበር ይስቃል፣ እስከ ሴሚስተሩ መጨረሻ የሚዘልቅ ቅጽል ስም ይወጣለታል። ስለዚህ ምንም ያልገባው ልጅ ከሁሉም ጮክ ብሎ «አዎ» ይላል።

ይሄን ያነሳሁት ስለ 3.3 ማውራት ስለፈለግሁ ነው። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ለመጀመሪያ ጊዜ በየዩኒቨርሲቲው ግቢ ተሰጠ። ከተፈተኑት ወደ 900 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሆኑ። ከአንድ ሺህ የሚበልጡ ትምህርት ቤቶች አንድም ልጅ አላሳለፉም። በ2015 ደግሞ 3.2 በመቶ፣ በ2016 5.4 በመቶ፣ በ2017 8.4 በመቶ አለፉ። ያኔ የተባለውን ታስታውሳላችሁ። ኮራጅ ትውልድ፣ የቲክቶክ ትውልድ፣ ሰነፍ ትውልድ። ታክሲ ውስጥ ሳይቀር ተሰደብን።

እኔ ግን አንዲት ጥያቄ አለችኝ። እነዚህ ልጆች ከሰማይ ዱብ ብለው አይደለም ፈተና አዳራሽ የገቡት። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ካርድ ይዘው ወደ ቤት ሲሄዱ ነበር። ካርዱ ላይ ቁጥር ነበረ፣ የክፍል ኃላፊው ፊርማ ነበረ፣ የትምህርት ቤቱ ማህተም ነበረ፣ ከሥሩም «ተዛውሯል» የሚል ቃል ነበረ። ከመቶው ዘጠና ስድስቱ የሚወድቁ ከሆነ ያ ሁሉ ማህተም ሲመታ የነበረው በምን ላይ ነው? ፈተናው ከበደ እንበል። ለኩረጃም የድርሻውን እንስጠው፤ በ2008 ፈተናው ተሰርቆ በማኅበራዊ ሚዲያ ከተለቀቀ በኋላ መራዘሙን ማንም አልረሳውም። ቢሆንም በካርዱና በፈተናው መካከል ያለውን ገደል ኩረጃ ብቻውን አይሞላውም። ልጁ ከመውደቁ በፊት አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ማንም አልመዘነውም። የተሰጠው ቁጥር ነው።

«ተከታታይ ምዘና አለ አይደል እንዴ?» የሚለኝ አይጠፋም። አለ። ከ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ጀምሮ በወረቀት ላይ አለ። ሐሳቡም መልካም ነበር። ተማሪው በዓመት አንዴ በአንድ ፈተና ብቻ አይፈረድበት፣ አስተማሪው በየጊዜው ምን እንደገባውና ምን እንዳልገባው እያየ ያስተካክል የሚል። ክፍል ውስጥ ሲደርስ ምን ሆነ? ኩዊዝ 5፣ የክፍል ሥራ 5፣ የቤት ሥራ 5፣ ደብተር 5፣ የቡድን ሥራ 10፣ ሚድ 20፣ ፋይናል 50። አንዱን ትልቅ ፈተና ወስደን ሰባት ቦታ ቆራረስነውና ተከታታይ ምዘና አልነው። ፈተናው ተከታታይ ሆነ እንጂ ምዘና የሚባለው ነገር አልመጣም።

በተለይ የደብተሯ 5 ነጥብ ትገርመኛለች። በቀይ እስክሪብቶ ኅዳግ ያሰመረች፣ ደብተሯን የሸፈነች፣ ሰሌዳው ላይ የነበረውን ሳይጎድል የገለበጠች ልጅ አምስት ከአምስት ታመጣለች። የምን ምዘና ነው ይሄ? የእጅ ጽሑፍ? የላስቲክ ሽፋን? የቡድን ሥራውማ የታወቀ ነው። አንዷ ቀለሜ ትሠራለች፣ አንዱ የማተሚያ ብር ያዋጣል፣ ሦስቱ ስማቸውን ያስጽፋሉ። «1 ለ 5» የሚባለው አደረጃጀት በየክፍሉ በነበረ ጊዜማ ይሄ ነገር ሕጋዊ መልክ ይዞ ነበር፣ ለአምስቱም እኩል አሥር ከአሥር። ዛሬ ደግሞ ቀለሜዋም ዐርፋለች፣ ቻትጂፒቲ ይሠራላታል።

በታችኛው ክፍል ነገሩ ይብሳል። ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ ክፍል ተማሪ እንዳይወድቅ፣ በተከታታይ ምዘና እየታገዘ እንዲያልፍ ተባለ። ሕፃንን አለመጣል ትክክል ነው፤ በዚህ ከማንም ጋር አልከራከርም። ግን «እየታገዘ» የምትለዋ ቃል መንገድ ላይ ጠፍታ «እንዲያልፍ» የምትለዋ ብቻ ክፍል ደረሰች። በ2002 ዓ.ም. በተለያዩ ክልሎች የሕፃናት የንባብ ችሎታ በጥናት ሲፈተሽ ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ሲሶ ያህሉ ከምንባቡ አንዲት ቃል ማንበብ አልቻሉም። አንዲት ቃል! ያውም በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው። እነዚያ ልጆች ግን ወደ ሦስተኛ ክፍል ተዛውረዋል፣ ካርዱ ላይ ተጽፏል።

ውጭ አገር ያሉ ተመራማሪዎች ይሄን ጉዳይ ከፈተሹት ቆይቷል። ሩት በትለር የምትባል ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1988 ባሳተመችው ጥናት ተማሪዎችን በሦስት ከፈለቻቸው። ላንዱ ቡድን ነጥብ ብቻ፣ ለሌላው አስተያየት ብቻ፣ ለሦስተኛው ነጥብም አስተያየትም ሰጠች። የተሻሻሉት አስተያየት ብቻ ያገኙት ናቸው። ሁለቱንም ያገኙት አልተሻሻሉም፤ ቁጥሩን ካዩ በኋላ አስተያየቱን ማን ያነባል? ከአሥር ዓመት በኋላ የለንደኖቹ ፖል ብላክና ዲላን ዊሊያም ብዙ ጥናቶችን አገላብጠው የደረሱበት መደምደሚያም ከዚህ አይርቅም፤ የክፍል ምዘና የሚጠቅመው አስተማሪውና ተማሪው ቀጥለው የሚያደርጉትን ሲለውጥ ነው። እኛ አገር ሰኞ የተሰጠ ኩዊዝ ማክሰኞ የሚሰጠውን ትምህርት የለወጠበትን ቀን አይታችሁ ታውቃላችሁ?

ነገሩ የፈረንጅ ፈጠራ እንዳይመስላችሁ። የቅኔ ቤት ተማሪ የቆጠረውን ቅኔ ይዞ መምህሩ ፊት ይቀርባል። መምህሩ እዚያው ሰምቶ እዚያው ያርመዋል። ካልሆነ ተመልሶ ይቆጥራል። «ስድስት ከአሥር» የሚለው የለም። አለንጋውን ትተን እርማቱን ብንወርስ ምን ነበረበት? እኛ አለንጋውን ወርሰን እርማቱን ተውነው።

ከራሴም ልጨምር። ጋዜጠኝነት ስማር ዜና ጻፉ ተብለን የምናስገባው ወረቀት ተመልሶ ሲመጣ ላዩ ላይ «7» ተጽፎ ነው። ሦስቱ ነጥብ የት እንደሄደ ሳላውቅ ጋውን ለበስኩ። ሥራ በጀመርኩ በመጀመሪያው ሳምንት አንድ አርታኢ አጠገቤ ተቀምጦ «ይሄን ማን ነው ያለው? ይሄስ ለምን ሁለተኛ አንቀጽ ላይ ተደበቀ?» እያለ ሦስት ጊዜ አስጻፈኝ። ነጥብ አልሰጠኝም። በአንድ ከሰዓት በኋላ የተማርኩት ግን ከአንድ ሴሚስተር ይበልጣል።

አሁን አስተማሪዎች ሳይቆጡኝ በፊት የእነሱንም ልናገር። የአንድ ክፍል ተማሪ ስልሳ ነው እንበል፤ አምስት ክፍል የሚያስተምር ሦስት መቶ ደብተር አለበት። ለአንድ ደብተር ሦስት ደቂቃ ቢሰጥ አሥራ አምስት ሰዓት ነው። በዚያ ደመወዝ፣ ከማታው የትርፍ ሰዓት ማስተማር ጋር፣ ማንም አያደርገውም። እኔም አላደርገውም። ግን ጊዜውን የሚበላው ምኑ እንደሆነ እንይ። ነጥብ መደመር፣ ሮስተር መሙላት፣ ከሮስተር ወደ ካርድ መገልበጥ። ሱፐርቫይዘር ሲመጣም የሚጠይቀው ሮስተሩ መሞላቱን ነው። ስንት ልጅ ክፍልፋይ መደመር እንዳልቻለ አስተማሪውን የጠየቀ ሱፐርቫይዘር ካለ አሳዩኝና ቡና ልጋብዘው።

ሳንቲም የማይጠይቁ ነገሮች ሞልተዋል። ከደወሉ አምስት ደቂቃ በፊት ልጆቹ ስማቸውን ሳይጽፉ በብጣሽ ወረቀት አንድ ያልገባቸውን ነገር ጽፈው ይውጡ። ነጥብ የለውም፣ እርማት የለውም። አስተማሪው ሻይ ቤት ቁጭ ብሎ ያገላብጠዋል፤ አርባው ያንኑ ነገር ከጻፉ የነገውን ትምህርት ከዚያ ይጀምራል። «ገብቷችኋል?» ከማለት ይልቅ አንዱን ልጅ በዕጣ ጠርቶ «ለጓደኛህ እንዴት ታስረዳዋለህ?» ይበለው። ከጠየቀ በኋላ ደግሞ ሦስት ሰከንድ ዝም ይበል። ቀላል ይመስላል፣ ግን ብዙ አስተማሪ አንድ ሰከንድ እንኳ ሳይጠብቅ ሰቃይዋን ይጠራና ክፍሉ በሙሉ ገባው ብሎ ይሄዳል።

ቤተሰብም አያመልጥም። ልጅ ከትምህርት ቤት ሲመጣ የሚጠየቀው «ስንት አመጣህ?» እና «ስንተኛ ወጣሽ?» ነው። የግል ትምህርት ቤቱ ይሄን ያውቃል። ስለዚህ ለሚከፍል ወላጅ ጥሩ ደረጃ ይሸጥለታል። ዘጠና አምስት አምጥታ አሥራ ስምንተኛ የወጣች ልጅ ያያችሁ እጃችሁን አውጡ። ግማሹ ክፍል ከዘጠና በላይ ካመጣ፣ ወይ ክፍሉ የሊቃውንት ነው ወይ ቁጥሩ ውሸት ነው፤ የ12ኛ ክፍል ፈተና ሲመጣ የትኛው እንደሆነ ወላጁ ያየዋል።

ስለዚህ ከትምህርት ቤቶች የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። የፋይናል ወረቀታችንን መልሱልን። ሠርተን ከወጣን በኋላ የት እንደሚገባ አይታወቅም፤ የምናየው ካርድ ላይ ያረፈውን ቁጥር ብቻ ነው። እኔ አንዴ የፋይናል ወረቀት ዳግም አይቻለሁ፣ የማን እንደነበረ አላውቅም። ሰፈር ካለው ሱቅ የገዛሁት ቆሎ ተጠቅልሎበት ነበር። አራተኛው ጥያቄ ላይ ትልቅ ኤክስ አለ። አጠገቡ ምንም አልተጻፈም።